ሰማዩ ስንቴ ያልቅስ?
ስለ ሰውኛ ዘይቤና ስለ ዘመዶቹ

ለዚህ እትም የመጡትን ግጥሞች ሰብስበን ስናነብ ሰማዩ ሲያለቅስ ዋለ። በአንዱ ግጥም ያለቀሰው ሰማይ እንባው ሳይደርቅ በሚቀጥለውም ያለቅሳል። ጋራው ያዝናል፣ ነፋሱ ይተክዛል፣ ጨረቃ ታፍራለች፣ ከዋክብት ይጠቃቀሳሉ። ማታ ላይ ከዝግጅት ክፍሉ አንዱ ወረቀቱን አስቀመጠና «ጎበዝ፣ በእነዚህ ግጥሞች ውስጥ ከሰው በቀር የማያለቅስ የለም እኮ!» አለ። ሳቅን። ሌላው ግን አልሳቀም። «ታዲያ ምናለበት? ሰውኛ ዘይቤ ነው። ግጥምን ግጥም የሚያሰኘው ዘይቤ አይደለም እንዴ?» ብሎ ተነሣ። ከዚያ ወዲያ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ተጨቃጨቅን።

ጭቅጭቁ ሲበርድ አንድ ነገር ተገለጠልን። ሁላችንም «ሰውኛ» እንላለን እንጂ አንድ ነገር ማለታችን አልነበረም። ለአንዱ ዘይቤ ሁሉ ሰውኛ ነው። ለሌላው ግዑዝ ነገር ግሥ ከተከተለው በቃ ሰው ሆኗል። ሦስተኛው ሰውኛንና ተለዋጭን መለየት የመምህራን ሥራ እንጂ የገጣሚ ጉዳይ አይደለም ባይ ነው። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ምሽት የተረፈ ሒሳብ ነው። ሊቅ ነኝ ብዬ ለማስተማር አልተነሣሁም። የምንጠቀምበትን ዕቃ ስሙንና ስለቱን አብረን እንድናይ ብቻ ነው።

1. ሰውኛ ምንድን ነው?

በአጭሩ፣ ሰው ላልሆነ ነገር የሰውን ጠባይ፣ የሰውን ሥራ ወይም የሰውን ስሜት ማዋስ ነው። የጥንት ግሪኮች ለዚህ ጥበብ የሰጡት ስም ፕሮሶፖፒያ ሲሆን ፍቺው «ፊት መሥራት» ማለት ነው። ለሌለው ፊት ማበጀት! እኔ ይህን ፍቺ እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም ሥራው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያስታውሰናልና። ፊት መሥራት ዓይንና አፍ መለጠፍ ብቻ አይደለም። የማን ፊት እንደሆነ መታወቅ አለበት።

ሰውኛ ነው ለማለት ሦስት ነገሮች መሟላት ያለባቸው ይመስለኛል። አንደኛ፣ ባለቤቱ ሰው ያልሆነ ነገር መሆን አለበት፤ ግዑዝም ይሁን እንስሳ፣ ወይም እንደ ሞትና ድህነት ያለ በዓይን የማይታይ ሐሳብ። ሁለተኛ፣ የተዋሰው ጠባይ በእርግጥ የሰው ብቻ መሆን አለበት። ሦስተኛ፣ ተናጋሪውም ሰሚውም ነገሩ ውሰት መሆኑን ማወቅ አለባቸው።

ሁለተኛውን እንመልከት። «ነፋሱ በሩን በረገደው» ብል ሰውኛ አይደለም። ነፋስ በር መበርገድ ይችላል፤ የራሱ ሥራ ነው፤ ከማንም አልተበደረም። «ነፋሱ በሩን አንኳኩቶ፣ መልስ ሲያጣ ጊዜ ሄደ» ብል ግን ነገሩ ተለወጠ። ማንኳኳት ፈቃድ መጠየቅ ነው፤ መልስ ማጣት ማፈር ነው፤ እነዚህ የሰው ናቸው። ሁለቱም ዓረፍተ ነገሮች አንድ ነፋስና አንድ በር ይዘዋል። ሰው ያለው ግን በሁለተኛው ብቻ ነው።

ሕይወት መስጠትና ሰውነት መስጠትም አንድ አይደሉም። መዝሙረ ዳዊትን ያነበበ ሁለቱንም ጎን ለጎን ያገኛቸዋል። በእኛ አቆጣጠር በመዝሙር 97 ወንዞች ያጨበጭባሉ፤ ጭብጨባ የሰው ነውና ሰውኛ ነው። በመዝሙር 113 ግን ተራሮች የሚዘሉት እንደ በግ ነው። እዚያ ተራራው ሰው አልሆነም፤ እንስሳ ሆነ፤ ያውም «እንደ» በሚለው የማነጻጸሪያ ቃል በኩል። ስለዚህ ተነጻጻሪ ዘይቤ ነው እንጂ ሰውኛ አይደለም። ሁለቱን «ያው ነው» ብሎ የሚያልፍ አንባቢ ከደስታው ግማሹን ጥሎ ያልፋል።

2. አንድ ድህነት፣ ብዙ ልብስ

ልዩነቱን ለማየት አንድ ጉዳይ ይዞ ልብስ እያለዋወጡ ማየት ይሻላል። የሁላችን ጎረቤት የሆነውን ድህነትን እንውሰድ።

«ድህነት እንደ ቁንጫ ነው፤ በዚህ ሲያባርሩት በዚያ ይመጣል።» ይህ ተነጻጻሪ ነው። ሁለቱ ነገሮች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ «እንደ» የሚለው ቃል እንደ አጥር መካከላቸው አለ። ድህነትም ድህነት ነው፣ ቁንጫም ቁንጫ ነው።

«ድህነት አባቴ ያወረሰኝ ዕዳ ነው።» ይህ ተለዋጭ ነው። አጥሩ ፈርሷል። አንዱ ሌላውን ሆኗል። ግን ዕዳ ሰው አይደለምና ሰውኛ የለበትም።

«ድህነት ከእኛ ቀድሞ ተነሥቶ፣ ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ፣ ቡናውን ማን እንደሚያፈላ ይጠብቃል።» ይኸው መጣ! ይህ ሰውኛ ነው። ድህነት ልክ እንደ ሰነፍ ዘመድ ቤታችን ገብቷል። ልብ በሉ፣ «ድህነት ሰው ነው» አላልኩም። የሰውን ሥራ ሰጠሁት እንጂ።

«አንተ ድህነት፣ ምነው ለአንድ ቀን እንኳ ጎረቤት ዘንድ ብታድር!» ይህ እንቶኔ ነው። የማይሰማውን ወይም በአጠገብ የሌለውን እንዳለ አድርጎ ማነጋገር። እንቶኔና ሰውኛ ብዙ ጊዜ አብረው ይኖራሉ፤ የሚነጋገሩትን ነገር ሰሚ ማድረግ በራሱ ጆሮ መስጠት ነውና። ግን መንታ አይደሉም። የሞተ አባቱን «አባዬ፣ ተነሥ» ብሎ የሚጣራ አልቃሽ እንቶኔ ተጠቀመ፤ አባቱ ግን ዱሮም ሰው ነበሩ፤ ስለዚህ ሰውኛ የለም።

«ድህነት ይባረክ! በእርሱ ቸርነት ሌባ ደጃችንን ረግጦት አያውቅም።» ይህ ምጸት ነው፤ የተባለውና የታሰበው ተቃራኒ ናቸው። እርግጥ ቸርነትን ለድህነት ስለሰጠሁት ሰውኛም አለበት። ዘይቤዎች እንደ ሰው ናቸው፤ አንዱ በሌላው ቤት ያድራሉ። መለየት ማለት ማጣላት አይደለም።

«በዚያ ቤት ሞሰቡ ከተከፈተ ዘመን የለውም።» እዚህ ድህነት የሚለው ቃል የለም። ሞሰቡ በቅርብ ዝምድናው ድህነቱን ወክሎ ቆመ። አንድን ነገር በጎረቤቱ ስም መጥራት ነው። ይህኛው ከሰውኛ ጋር በቀላሉ ይምታታል። «አራት ኪሎ እንዲህ ብሎ ወሰነ» ሲባል አራት ኪሎ ሰው አልሆነም፤ እዚያ ያሉት ሰዎች በሰፈራቸው ስም ተጠሩ እንጂ። «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» የሚለው ተረት ግን ልዩነቱን ይፈትነዋል። ሆድ ደባቂ ነው፤ ነገር ግን ሆድ የሰውየው ክፍል ነውና ሰውየውን ወክሎ የቆመ ነው። ብቅል ግን? ብቅል ጠላውን ይወክላል፤ ጠላ ደግሞ ምሥጢር ያወጣል፤ ልክ እንደ ተንኮለኛ ጠያቂ። እዚህ ላይ ውክልናውና ሰውኛው ክንድ ለክንድ ተያይዘዋል። አንባቢ «ይህ ነው» ብሎ ባይቆርጥ አልፈርድበትም።

ነገሩ ረዘም ብሎ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በሐሳብ የተሠሩ ሰዎች የሚመላለሱበት ከሆነ ደግሞ ምሳሌያዊ ድርሰት ይሆናል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. ያሳተሙት «ወዳጄ ልቤ» ከአርእስቱ ጀምሮ የዚህ ወገን ነው። ልብ ወዳጅ ሆኖ ይጠራል። ሰውኛ እዚያ አንድ ስንኝ የሚያስጌጥ ፈርጥ አይደለም፤ የቤቱ ምሰሶ ነው።

3. ጾም ሐኪም

ቅኔ ቤት የዋለ ተማሪ ይህን ሁሉ ሲያነብ «ይህማ ሰምና ወርቅ ነው» ማለቱ አይቀርም። ይቀራረባሉ፤ ግን እንለያቸው። በቅኔው ልማድ ሰሙና ወርቁ ጎን ለጎን ይጠራሉ። የራሴን ምሳሌ ላምጣ፤ «ጾም ሐኪም የሥጋን እባጭ ቢበጣው፣ ነፍስ በሽተኛ ተነሥታ ሄደች።» ጾም ወርቅ ነው፣ ሐኪም ሰም ነው። ነፍስ ወርቅ፣ በሽተኛ ሰም። እንግዲህ መጀመሪያ የተደረገው ተለዋጭ ነው፤ ጾም ሐኪም ሆነ። ሐኪም ሰው ስለሆነ ግን ወዲያው ጾም የሰው እጅ አበቀለና መብጣት ጀመረ። ሰሙ ሐኪም ባይሆን፣ ለምሳሌ «ጾም ሳሙና» ቢባል፣ ቅኔው ቅኔ ሆኖ ሳለ ሰውኛው በጠፋ ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ ተለዋጭ ትልቁ ቤተ ሰብ መሆኑን ነው፤ ሰውኛ ከልጆቹ አንዱ ነው። ልጁ የራሱ መልክ አለው። አባቱ «ይህ ያ ነው» ይላል። ልጁ ግን «ነው» ማለትን ይተውና ነገሩን ሲሠራ፣ ሲያፍር፣ ሲዋሽ፣ ሲጠብቅ ያሳየናል።

ሦስተኛውን መለኪያ፣ ማለትም ውሰት መሆኑን ማወቅን፣ እዚህ ላይ ላንሣ። አድባር ሥር ቆሞ የሚለምን ሽማግሌ ዛፉን በሰውኛ እየተናገረ ነው? አይመስለኝም። ለእሳቸው እዚያ የሚሰማ አለ። እምነት እንጂ ዘይቤ አይደለም። በቤተ እስራኤል ዘንድ «ትእዛዘ ሰንበት» በተባለው የግእዝ መጽሐፍ ሰንበት እንደ ሴት አካል ቆማ ስለ ሕዝቡ ትማልዳለች። ይህንን ለሚያነበው አማኝና ለእኛ ለሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ያው ቃል ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። እኛ «ግሩም ሰውኛ» ብለን ስናደንቅ እርሱ ሲጸልይ ሊሆን ይችላል። ሐያሲ ነኝ የሚል ሰው በሰው ጸሎት ላይ «ዘይቤ ነው» የሚል ማኅተም ከመምታቱ በፊት ዝም ብሎ ያድምጥ።

4. አማርኛችን ራሱ ሰውኛ ነው እንዴ?

አንድ ችግር አለብን። ቋንቋችን ከእኛ በፊት ቅኔ ተቀኝቶ ጨርሷል። እንቅልፍ ወሰደኝ እንላለን። ጉንፋን ያዘኝ፣ ብርድ መታኝ፣ ሳቅ አፈነኝ እንላለን። መብራት ሄደ፣ መብራት መጣ እንላለን። እንቅልፍ ሰው ሆኖ፣ እጅ ይዞ፣ እየጎተተ የሚወስደን ነው። ግን ማን ነው ዛሬ «እንቅልፍ ወሰደኝ» ሲባል እጁን የሚያየው? ማንም። ምስሉ ሞቷል። የሞተ ዘይቤ ለንግግር ይጠቅማል፤ ለግጥም ግን ሬሳ ነው፤ የሚያስነሣው ካልተገኘ።

ጾታም እንዲሁ ነው። በሌሎች አንዳንድ ቋንቋዎች ገጣሚው ጨረቃን «እርስዋ» ሲላት ብቻ ግማሹን መንገድ ሄዷል፤ ዕቃ በ«እርስዋ» አይጠራምና። በአማርኛ ግን ፀሐይ ያለ ገጣሚ እርዳታ ወጣች ትባላለች። መኪናዋ ቆመች፣ ድስቷ ተጣደች። አንስታይ ማድረጋችን ማሳነስ ወይም ማቆላመጥ ነው እንጂ ሰው ማድረግ አይደለም። እንግዲህ «ጨረቃ ወጣች» ብሎ ሰውኛ ተጠቀምኩ የሚል ገጣሚ ሰዋስው የሠራለትን ሥራ በራሱ ስም አስመዘገበ።

በአንጻሩ ሌሎች ብዙ ቋንቋዎች የሌላቸው ታላቅ መሣሪያ አለን። አንቱታ! «ጋራው ካባውን ደርቦ ተቀመጠ» እና «ጋራው ካባቸውን ደርበው ተቀመጡ» በሚሉት መካከል ያለውን ልዩነት ስሙት። በመጀመሪያው ካባው ጉም መሆኑ ገና ይታየናል። በሁለተኛው ጋራው ሽማግሌ ሆኑ፤ ብንችል ተነሥተን እጅ እንነሣቸዋለን። ለዕቃ አንቱ አይባልም። ስለዚህ አንቱታ የገባበት ቦታ ሁሉ ያለ ጥርጥር ሰው ገብቷል። ይህን መሣሪያ ከሰበሰብናቸው ግጥሞች በአንዱም ውስጥ አላገኘሁትም። ምነው ግን?

5. የሁለት ግጥሞች ነገር

አሁን ወደ ግጥሞቹ እንመለስ። የመጀመሪያው ሁለት ስንኝ እነሆ፤

ሰማይ አለቀሰ ጋራው አዘነልኝ፣
ነፋሱም ተክዞ ስምሽን ጠራልኝ።

ቤት ይመታል፣ ልኩም አልጎደለም። ዘይቤውም በመለኪያችን ሲታይ ሰውኛ ነው፤ ማልቀስ፣ ማዘን፣ መተከዝ የሰው ናቸው። ታዲያ ለምን ልባችን አልተነካም? አንድ ቀላል ፈተና አለኝ፤ ባለቤቶቹን አለዋውጣቸው። «ነፋስ አለቀሰ፣ ሰማዩ አዘነልኝ፣ ጋራውም ተክዞ ስምሽን ጠራልኝ።» ምን ጎደለ? ምንም! ሰማዩ ሰማይ በመሆኑ፣ ጋራው ጋራ በመሆኑ ያመጡት ነገር አልነበረም ማለት ነው። ሦስቱም የገጣሚው ደመወዝተኞች ናቸው፤ በተጠሩ ጊዜ መጥተው ያለቅሳሉ።

እንግሊዛዊው ሐያሲ ጆን ረስኪን በ1856 እ.ኤ.አ. ይህን ነገር ስም ሰጥቶ ነቅፎት ነበር። ሰው በስሜት ሲናጥ ተፈጥሮን ሁሉ የእርሱን ሐዘን የተካፈለች አስመስሎ ያያታል፤ ይህ ከስሜት የመጣ ስሕተት ነው አለ። ረስኪን ስሜቱ እውነተኛ ለሆነ ሰው ይራራል፤ የማይምረው ሳይሰማው በልማድ የሚጽፈውን ነው። የእኛም ሰማይ በአብዛኛው ያለቀሰው በልማድ ነው። ይህንን ስል ማንንም ለማሳፈር አይደለም፤ ከላይ ያሉትን ሁለት ስንኞች የጻፍኳቸው እኔ ነኝ። አንደኛ ዓመት ሳለሁ ነው። ያን ጊዜ ልጅቷ ሰማዩ ሲያለቅስ አልሰማችም፤ ዛሬ ሳስበው እኔም አልሰማሁም።

ሁለተኛው ግጥም ስም ሳይጻፍበት ሣጥናችን ውስጥ የተገኘ ነው። ባለቤቱ ካለህ ወይም ካለሽ ብቅ በሉልን።

ጀሪካኔ ቆማ ከሌሊቱ ጀምራ፣
ከጎረቤቷ ጋር ስታወጋ አድራ፣
እኔን ስታይ ጊዜ ገጥማ ዘጋች አፏን፣
እንዳልሰማ ብላ የሌሊት ወሬዋን።
ምን ተባባሉ ግን እነ ባዶ ሆዶች?
ስለኛ ይሆናል፣ ስለ ባለቤቶች።

ቦኖ ውኃ የተሰለፈ ሰው ይህን ግጥም ማብራራት አያስፈልገውም። ወረፋ ለመያዝ ሌሊት ጀሪካን ወይም ድንጋይ አስቀምጦ መመለስ የታወቀ ነው። «ድንጋዬ እዚህ ነበር» ብሎ የተጣላ ሁሉ ያውቀዋል። እዚህ ላይ ዕቃው ሰውን መወከሉ የገጣሚው ፈጠራ አይደለም፤ ኑሮ የፈጠረው ውክልና ነው። ገጣሚው ያደረገው አንድ እርምጃ ብቻ ነው። የተወከለችው ጀሪካን ሌሊቱን ሙሉ ቆማ ካደረች፣ ከጎኗ ካለችው ጋር ማውጋቷ መቼ ይቀራል?

ቀጥሎ ደግሞ «አፏን» የሚለውን ተመልከቱ። የዕቃ አፍ ማለት የሞተ ዘይቤ ነው፤ የጠርሙስ አፍ፣ የማሰሮ አፍ እንላለን፤ ማንም ጥርስና ምላስ አያይበትም። እዚህ ግን የጀሪካኗ ክዳን ምሥጢር የሚዘጋ ከንፈር ሆነና ሬሳው ተነሣ። «ባዶ ሆዶች»ም እንዲሁ ሁለት ጊዜ ይሠራል፤ የጀሪካኑም ሆድ ባዶ ነው፣ የባለቤቱም። በመጨረሻም ሰውኛው ዞሮ እኛን ይጠይቀናል። ዕቃዎቹ ሰው ሆነው ሲያሙ፣ ሰዎቹ ግን በዕቃ ተወክለው ተኝተዋል።

ፈተናዬን ልድገመው። ጀሪካኗን አውጥተን ጨረቃን እናስገባ። ግጥሙ ይፈርሳል! ጨረቃ ወረፋ አትይዝም፣ ክዳን የላትም፣ ሆዷ ባዶ አይደለም። ባለቤቷ ልትለወጥ የማትችል ሰውኛ እውነተኛ ሰውኛ ናት። እኔ ከዚያ ምሽት ጭቅጭቅ ያተረፍኩት ትልቁ ነገር ይህ ነው። ጥሩ ሰውኛ ለነገሩ ፊት የሚሠራለት ከራሱ ከነገሩ አፈር ነው፤ ከሌላ ቦታ ጭምብል ገዝቶ አይለጥፍበትም።

የዓባይን ነገር ያስተውሏል። ማደሪያ እንደሌለው፣ ግንድ ይዞ እንደሚዞር የሚናገረውን ተረት የማያውቅ የለም። ያ ሰውኛ ስንት ዘመን የኖረው ከወንዙ ጠባይ ስለተወሰደ ነው፤ ክረምት ሲሞላ በእርግጥ ግንድ ይዞ ይሄዳል፤ በእርግጥም ከአገሩ ወጥቶ ይሄዳል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የግድቡ መሠረት ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ሰው ምን አለ? «ዓባይ ማደሪያ አገኘ!» አለ። 74 ቢልዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዘውን ሐይቅ ሕዝቡ የተረጎመው በቁጥር ሳይሆን በዚያው በአሮጌው ሰውኛ ነው። ከነገሩ የተቀዳ ዘይቤ ነገሩ ሲለወጥ አብሮ ይለወጣል፤ አይሞትም።

6. ፊት የሚሸፍን ፊት

እስካሁን ያወራሁት ስለ ውበት ነው። አሁን ግን ስለ እውነት ላንሣ፤ ከሁሉ የከበደኝም ይህኛው ነው።

ሰውኛ ለሌለው ፊት ይሠራል ብለናል። አንዳንዴ ግን ያንን ፊት የሚሠራው ያለውን ፊት ለመሸፈን ነው። አንድ ቢሮ ሄዳችሁ «መመሪያው አይፈቅድልህም» ተብላችሁ አታውቁም? መመሪያ ይፈቅዳል? መመሪያ ይከለክላል? መመሪያውን የጻፈ ሰው አለ፤ የሚተረጉመው ሰውም አለ፤ ያውም ፊት ለፊታችሁ ተቀምጧል። ግን ወረቀቱን ሰው አደረገውና እርሱ ከኋላው ተደበቀ። «ሲስተሙ እምቢ አለ»ም ያው ነው። የዘመናችን ሰውኛ በግጥም መጽሐፍ ውስጥ ብቻ አይደለም ያለው፤ በመስኮት በመስኮቱ ተቀምጦ ሕዝብ ያስተናግዳል።

ይህ በመሥሪያ ቤት ሲሆን ያስቃል። በሞት ላይ ሲሆን ግን አያስቅም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረውን እልቂት አባቶቻችን «ክፉ ቀን» አሉት። ያን ጊዜ ከብቱን የጨረሰው በሽታ ስሙ «ደስታ» መሆኑ ደግሞ ከግብሩ ጋር ሲታይ መራራ ምጸት ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት በሽታው የገባው በምፅዋ በኩል ጣሊያኖች ካስመጧቸው ከብቶች ጋር ነው። ቀኑ ክፉ አልነበረም፤ ቀን ምን ያውቃል? ግን ያዘነ ሰው ክፉ የሚለው ሲያጣ ቀኑን ክፉ አለው። ይህን ሰውኛ አልነቅፍም፤ የተጎጂዎቹ ነው፤ ከሐዘን የመጣ ነው።

በ1966 ዓ.ም. ዓለም ስለሰማው የወሎ ረሃብ ወይም ስለ 1977ቱ ስንጽፍ ግን «ድርቅ ገደላቸው» ብለን ነጥብ የምናስቀምጥ እኛ ተጎጂዎቹ አይደለንም። አማርቲያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የወሎውን ረሃብ መርምሮ፣ በአገሪቱ የነበረው ጠቅላላ እህል ያን ያህል እንዳልቀነሰ፣ የወደቀው የገበሬው የመግዛት ዐቅም እንደሆነ አሳይቷል። እንግዲህ ድርቅ ዝናብ ይነሣል፤ እህል ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው እንዲሄድ ወይም እንዳይሄድ የሚያደርገው፣ ወሬውን የሚያወጣው ወይም የሚያፍነው ሰው ነው። «ድርቅ ገደለ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ገዳይ አግኝቷል፤ ተጠያቂ ግን አላገኘም። ድርቅን ፍርድ ቤት ማን ያቀርበዋል?

እንግዲህ «ዘይቤን መለየት የመምህራን ሥራ ነው» ላለው ጓደኛችን መልሴ ይህ ነው። የሰው ሥራ የሚሠራ ዕቃ ባየህ ቁጥር «ይህ እጅ ከማን የተወሰደ ነው?» ብለህ ጠይቅ። አንዳንዴ መልሱ «ከማንም አልተወሰደም፤ ገጣሚው በፍቅር ሠራው» ይሆናል፤ እንደ ጀሪካኗ። አንዳንዴ ግን መልሱ አንድን ባለ እጅ ሰው ከመጋረጃ ጀርባ ያስወጣዋል።

ለሚቀጥለው እትም የምትልኩትን ግጥም ከመላካችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁት። አንድ፣ በእርግጥ ሰውኛ ነው ወይስ ቋንቋው ድሮ የሠራው? ሁለት፣ ባለቤቱ ቢለወጥ ግጥሙ ይፈርሳል? ሦስት፣ ለዚህ ነገር ፊት ስሠራ የማንን ፊት ሸፈንኩ? ሦስቱን ካለፈ ላኩልን። ሰማዩም ቢሆን ማልቀስ አይከለከልም፤ ግን እባካችሁ፣ ያለቀሰበትን ምክንያት ራሱ ሰማዩ ያውቀው።

የምትቃወሙኝም ጻፉ፤ ቦታ አለን። የማባዣው ማሽንም ሰሞኑን አመሉ መለስ ብሎለታል። ይህ ሰውኛ ነው ወይስ አይደለም? ለእናንተ ትቼዋለሁ።